የሽጉጧን ጥፍር ምን ሰበራት?

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ሰፈሩ በሙሉ ሥራ ፈጠረልኝ። አንዱ የዛገ ቁልፍ ይዞ ይመጣል፣ አንዷ የስፌት መኪና ታሸክማለች፣ ዓሣ አጥማጁ ጎረቤቴ ደግሞ የጀልባውን ሞተር በባጃጅ አስጭኖ ደጄ ላይ አራግፎት ሄደ። «አንተን እኮ ብረት ያናግርሃል» ይሉኛል። ብረት አንድም ቀን አናግሮኝ አያውቅም። ቢያናግረኝ ኖሮ ያን ሁሉ ዘመን አቀርቅሬ ዓይኔን ባላደከምሁ ነበር። ባለቤቴ ዘይነባ ይህን ስትሰማ «እኔን ካናገርኸኝ በላይ ብረቱን አናግረኸዋል፤ ዝም ያለህ እሱ ነው» ትለኛለች።

የፖሊስ መሣሪያ ጠጋኝ ነበርሁ። ሰው ይህን ሲሰማ ተኩስና ግርግር ይታየዋል። እኔ ግን ዘመኔን ያሳለፍሁት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ጭቃ ስጠርግ፣ ዝገት ስፍቅ፣ ሞላ ስቀይር፣ ከእጄ ያመለጠች ፒን ወለሉ ላይ በእንብርክኬ እየዳሁ ስፈልግ። ስለ ደሞዙ አላወራም፤ ደሞዙም ስለ እኔ ብዙ የሚለው የለውም።

ሥራውን የጀመርሁት ደሴ ነው። ከዚያ አምባሰል ተመደብሁ፤ መጨረሻ ላይ ሐይቅ መጣሁና እዚሁ ቀረሁ። አምባሰል ሳለሁ አንድ አለቃ ነበሩን፤ መሣሪያ ካላብረቀረቀ የተጠገነ አይመስላቸውም። የግሸን ንግሥ ሲቃረብ «እንግዳ ይመጣል፣ ፊታችንን እናሳምር» ይሉና ጠመንጃውን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ያስፈትጉናል። ጥቁሩ ቀለም ብረቱን ከዝገት የሚጠብቅ ልብሱ መሆኑን ብንነግራቸው አልሰማ አሉ። መሣሪያው ለንግሡ አበራ። ንግሡ አልፎ የተራራው ጉም ሲያርፍበት ደግሞ አንድ ላይ ቀላ። «ማነው ውኃ የደፋበት?» ብለው ጮኹብን። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ሲያበራ ማየት ይወዱ ነበር፣ ያ ብቻ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ደሴ የነበሩት ሃምሳ አለቃ በላይ ናቸው። ሃምሳ አለቃ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ሳያነጥፉ መሣሪያ አይፈቱም። መሣሪያውን ከመንካታቸው በፊት ደግሞ ባለቤቱን አስቀምጠው ያስወሩታል። ሲያድር የት እንደሚያኖረው፣ በየትኛው ጎኑ እንደሚታጠቀው፣ ምን እንደሚቀባው ይጠይቁታል። አንድ ሚሊሻ ቅባት አልቆበት ሽጉጡን በኑግ ዘይት ሲያሸው ከርሞ ውስጡ እንደ ሙጫ ተጣብቆ አመጣው። ሃምሳ አለቃ ገና ሳይፈቱት አሸተቱትና «ወንድሜ፣ ይኼን ከእኔ ይልቅ ወጥ ቤት ብትወስደው ይሻል ነበር» አሉት። ሚሊሻው መጀመሪያ ተቆጣ፤ በኋላ ግን እያጠበ ራሱም ሲስቅ ዋለ።

ከሁሉ ይልቅ አንድ ልማዳቸው ያስገርመኝ ነበር። የተሰበረ ክፍል ሲያወጡ ቶሎ አይጥሉትም። መዳፋቸው ላይ አድርገው ወደ መስኮቱ ዞር ይሉና «አንተን ምን ገደለህ?» ብለው ይጠይቁታል። መልሱን ሳያገኙ አዲሱን አይገጥሙም። እኔ ያን ጊዜ ወጣት ነኝ፣ ልቤ ይቸኩላል። «አዲሱ እያለ ለሟቹ ምን አስጨነቀዎ?» ስላቸው «ገዳዩ ገና በር ላይ ቆሟል፤ አዲሱንም እየጠበቀው ነው» አሉኝ። ሳቅሁባቸው። ለምን እንደሚሉት የገባኝ እሳቸው ካረፉ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ሐይቅ ላይ፣ በአንዲት ኮንስታብል ሽጉጥ ነው።

ኮንስታብሏ ትርንጎ ትባላለች፤ የአምባሰል ገበሬ ልጅ ናት። ጣቢያችን ውስጥ መሣሪያ ታጥቃ ጥበቃ የምትቆም ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ምድቧ ተጠርጣሪዎች የሚያድሩበት ማረፊያ ቤት በር ላይ ነው። እዚያ ሆና የምታየው ነገር ያበሳጫት ነበር። አቤቱታ ይዘው የሚመጡ ሴቶች መርማሪው ፊት ይቀመጡና ነጠላቸውን ወይም ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ስበው ዝም ይላሉ። መርማሪዎቹ ሁሉ ወንዶች ናቸው። ሴትዮዋ ሳትናገር ትነሣለች፣ በበሩ ስታልፍ ግን ለትርንጎ ቆም ብላ ሹክ ትላታለች። ትርንጎ ደግሞ የምትሰማውን ይዛ የትም መድረስ አትችልም፤ ጥበቃ ናት። ስለዚህ መርማሪ ልሁን ብላ አመለከተች፤ ደሴ ለሚሰጠው ሥልጠናም ታጨች። አንድ ነገር ብቻ ቀራት፤ የተኩስ ፈተና ማለፍ። በራሷ ምድብ ሽጉጥ ነው የምትፈተነው።

ሽጉጧ የራሺያ ሥሪት ናት፤ በፈረቃ ነው የሚይዟት፤ ሌሊት አስር አለቃ ሙሄ፣ ቀን ትርንጎ። ፈተናው ከመድረሱ በፊት በልምምድ ላይ ነከሰችባት። ማለትም ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ ባዶ ቀፎው፣ እኛ ቀለሃ የምንለው፣ መውጣት ሲገባው እዚያው የሽጉጧ ጉሮሮ ውስጥ፣ ጥይቱ የሚያርፍበት ክፍተት ላይ፣ ተሰንቅሮ ቀረ። ቀለሃውን ይዛ የምታወጣ አንዲት ትንሽ መንጠቆ አለች፤ ጥፍር እንላታለን። በላይኛው ተንሸራታች ብረት ጎን ላይ ትቀመጣለች፣ ከኋላዋ ሞላ ይደግፋታል፣ ጫፏ እንደ ድመት ጥፍር ወደ ውስጥ ቆልመም ብሏል። ሳያት ጫፏ ተሸርፏል።

አዛዡ ኢንስፔክተር አጠገቤ ቆመው «ቶሎ በል፣ ፈታኞቹ ከደሴ ሊነሡ ነው» ይሉኛል። የተሸረፈችውን አውጥቼ የወተት ጣሳ ውስጥ ጣልሁ፣ ከግምጃ ቤት አዲስ አውጥቼ አስተካክዬ ገጠምሁ። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ ዛሬም ስለዚያች አገጣጠም አላፍርም። ሞከርኋት፣ ሠራች። ፈተናው ግን በአንዳንድ ምክንያት እየተገፋ ሰነበተ፤ ትርንጎና ሙሄም ሽጉጧን እንደ ልማዳቸው እየተረካከቡ ቆዩ።

የፈተናው ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የድንጋይ ማውጫ ተሰበሰብን። ትርንጎ መተኮስ ጀመረች። ጥሩ ይዛ ነበር። መሐል ላይ ሽጉጧ ነከሰች። አጸዳችው፣ ተኮሰች፣ ደግማ ነከሰች። የተኩስ አሠልጣኛችን ሳጅን ደምሴ ራሱን ነቀነቀ።

«እጇ ላልቷል» አለ ለፈታኞቹ። «ሽጉጥ ጠበቅ አድርጎ ያልያዘ ሰው እንዲህ ይሆንበታል። ትፈራለች።»

ሳጅን ደምሴ አልዋሸም፤ እጅ ሲላላ ሽጉጥ ይነክሳል፣ እሱም ይህን ብዙ ጊዜ አይቷል። ፈታኞቹ ተማክረው አንድ ዕድል ሰጧት። ዳግመኛ ብትወድቅ ትጥቋን ፈትታ መዝገብ ቤት ትገባለች፣ የሥልጠናው ቦታም ለሌላ ሰው ይሰጣል። ትርንጎ አላለቀሰችም። ሽጉጧን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ እኔ መጣች።

«አያ እንድሪስ፣ በግሸን ማርያም እውነቱን ይንገሩኝ። እጄ ነው ብረቱ?»

ብረቱ ነው ብዬ ላጽናናት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አላወቅሁም። ራሴ የገጠምኋት ጥፍር ናት፤ አይቻት፣ ሞክሬያት፣ አምኛት ነው ያስረከብሁት። «አላወቅሁም» አልኋት። «አብሽሪ፣ ልወቅና እነግርሻለሁ።»  የኔ ሥራ ቢበላሽ ጣጣው ለራሴ ነው፤ የኔ ሥራ እሷን ፈሪ ሲያሰኛት ግን ሌላ ነገር ነው።

በማግሥቱ ነጩን ጨርቅ አነጠፍሁና ላይኛውን ብረት ፈታሁ። ጥፍሯ ተሸርፋለች። አዲስ ጥፍር፣ በዚያ አጭር ጊዜ! ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ጣሳዬን ዘርግፌ የመጀመሪያዋን ፈለግሁና ሁለቱን ጎን ለጎን አደረግኋቸው። ማጉያ መነጽር ይዤ መስኮቱ ጋ ቆምሁ። ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ነው የተሸረፉት።

ቀለሃ ሲስብ ያረጀ ጥፍር የሚበላው በውስጥ በኩል ነው፣ የሚይዝበት ከንፈር ይዶለዱማል። እነዚህ ግን ውስጣቸው ደህና ነው። የተመቱት ከፊት ነው። አንድ ነገር ፊት ለፊት እየመጣ ግንባራቸውን ይመታቸዋል። ምን? ደጋግሜ አሰብሁ። ጥይት በትክክለኛ መንገዱ ሲመጣ ከታች፣ ጥይቶቹ ከሚደረደሩበት ከካዝናው ይነሣል፤ ቂጡ ቀስ ብሎ ከሥር ወደ ላይ ተንሸራቶ ጥፍሯ ውስጥ ይገባል። ግንባሯን የሚነካበት ምክንያት የለም። የሃምሳ አለቃ ጥያቄ መዳፌ ላይ ቁጭ ብሎ አፈጠጠብኝ፤ እኔም መልሱን ከብረቱ ላይ መፈለጌን ትቼ፣ ሽጉጧን እንደነበረች ገጥሜ ለሌሊቱ ፈረቃ መለስሁና ወደ ሰዎቹ ሄድሁ።

በነጋታው የፈረቃ መለዋወጫው ሰዓት ላይ ማረፊያ ቤቱ በር አካባቢ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ከሐይቁ የሚመጣው ብርድ ያንቀጠቅጣል። ሙሄ የሌሊቱን ጨርሶ ካፖርቱን እንደለበሰ ነው፤ ትርንጎ መጣች። ሰላምታ ተለዋወጡ። ሙሄ ካዝናውን ነቀለ፣ ላይኛውን ብረት ሳበና ጉሮሮ ውስጥ የነበረችውን አንዷን ጥይት አውጥቶ መዳፉ ላይ አሳያት። ይህ ደንብ ነው፤ ሽጉጥ ባዶነቱ ሳይታይ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። ከዚያ ያደረገውን ግን በየትኛውም ደንብ ላይ አላውቀውም። ጥይቷን በሁለት ጣቱ ይዞ በቀጥታ ጉሮሮዋ ውስጥ አስቀመጣት፤ ላይኛውን ብረት ለቀቀው፤ ቀጭ አለ። ካዝናውን ከታች መልሶ ሰካና በሁለት እጁ አቀበላት። ትርንጎም ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች።

«ያረቢ!» ብዬ ተነሣሁ።

ሁለቱም ደነገጡ። «አያ እንድሪስ፣ ምነው በደህና?» አለ ሙሄ።

«እስቲ ድገመው።»

«ምኑን?»

«አሁን ያደረግኸውን።»

ደገመው። ቀጭ አለ። የሰማሁት የጥፍሯ ግንባር የጥይቱን ቂጥ ዘሎ ለመያዝ ሲላተም ነው። ጥይቱ አስቀድሞ ጉሮሮ ውስጥ ከተቀመጠ ከሥር የሚንሸራተትበት መንገድ የለም፤ ጥፍሯ በሞላው ኃይል ከፊት ተላትማ ራሷን ገልጣ ማለፍ አለባት። ይህን ጠዋትና ማታ፣ በየቀኑ። እንኳን ያቺ ሚጢጢ ብረት፣ ሰውም አይችለው።

«ይኼን ነገር ማን አስተማራችሁ?» አልሁት።

«ማንም አላስተማረን፣ የበሩ ወግ ነው» አለ። «ድሮ አንዱ ባዶ ሽጉጥ አስረክቦ ጓደኛውን ጉድ ሠራው። ከዚያ ወዲህ ጥይቷን ተረካቢው እያየ በእጃችን እናጎርሳለን። መተማመኛችን ናት። ለሷ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እኔው አጎርስላታለሁ፤ ጥይቷን ወደ ካዝናው መልሺ ብላት ሞላው ጠንካራ ነው፣ ጣቷን እንዳይጎዳት።»

እንዴት እንደምነግረው ቸገረኝ። ላይኛውን ብረት ፈትቼ ሽጉጧ ላይ ያለችውን፣ ከኪሴ ደግሞ የመጀመሪያዋን የተሸረፈች ጥፍር አሳይቼ ቀስ ብዬ አስረዳሁት። ሙሄ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን አስተያየ። የዚያ ትልቅ ሰውዬ ፊት ተለዋወጠ።

«እንግዲያ ልጅቱን የጣልኋት እኔ ነኝ?»

«ሁላችንም ነን» አለች ትርንጎ ፈጥና። «ማታ ማታስ የማስረክብዎ እኔ አይደለሁ? እኔም እኮ ነኝ ያጎረስኋት።» ከዚያ ሳቀች። ከፈተናው ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። «እጄ አይደለማ! አያ እንድሪስ፣ እጄ አይደለም!»

ሁለቱንም ክፍሌ ወሰድኋቸውና ጠረጴዛው ዳር አስቀመጥኋቸው። ጥፍር የምመርጥባቸው ሦስት ነበሩኝ። አንዷ ገና ቅባቷ ያልደረቀ የግምጃ ቤት አዲስ ናት። ታምራለች፣ ጫፏ ግን ረዘም ይላል፤ የቀለሃውን ቂጥ አጥብቃ ትጫነዋለች፣ ጥይቱ ሲነሣ ታስቸግራለች። ሁለተኛዋ ቤት ሲቃጠል አብሮ ከተቃጠለ ሽጉጥ የወጣች ናት። ቅርጿ ፍጹም ነው። ቀለሟ ግን ወደ ሰማያዊና ቡናማ አድልቷል፤ እሳት የብረትን ጥንካሬ ይዞ ይሄዳል፣ እሷን መግጠም ሰም እንደመግጠም ነው። ሦስተኛዋ አፈሙዙ ከተጣመመ አሮጌ ሽጉጥ ያወጣኋት ናት። ተቧጭራለች፣ ቀለሟ ለቋል። ከንፈሯ ግን ስል ነው፣ መጠኗም ልክ።

«ይቺ አስቀያሚዋ ትሁን?» አለች ትርንጎ።

«ይቺ ብዙ ተኩሳ ያልተሰበረች ናት» አልኋት። «ሌሎቹን ገና አላውቃቸውም።»

ሽጉጧን በደንብ ባዶ መሆኗን አይቼ፣ ሞላውን የሚገፋውን ዘንግ በቀጭን ካቻቢቴ ወደ ኋላ ጫን አደረግሁና የተሸረፈችውን አወጣሁ። ሞላውም ደክሟል፣ እሱንም ለወጥሁት። ጎድጓዳው ውስጥ የከረመውን ጥቁር እድፍ በእንጨት ስንጥር ጠረግሁ፤ እዚያ እድፍ ካለ ጥፍሯ ሙሉ ለሙሉ አትዘጋም። ከዚያ ሞረድ ሳይሆን በጣም ለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ይዤ የጥፍሯን የታችኛ ጠርዝ ብቻ አባበልሁት፤ ጥይቱ ከሥር ሲመጣ እንዲንሸራተትላት። የሚይዘውን ከንፈር አልነካሁም። እሱን የነካ ሰው ሥራውን ያበላሻል፤ የተፋቀ ብረት መልሶ አይበቅልም።

ስገጥማት ባዶ ቀለሃ ጥፍሯ ሥር አስገባሁና ላይኛውን ብረት ብቻውን ይዤ ወዘወዝሁት። ቀለሃው አልወደቀም። በጣቴ ገፋ ሳደርገው ግን ወዲያው ለቀቀኝ። ሃምሳ አለቃ «አጥብቃ ትያዝ፣ እንዳትቆጣ ግን» የሚሉት ይህን ነው። ሽጉጧን ለትርንጎ ሰጠኋት፤ ባሩድ የሌለው የማሠልጠኛ ጥይት ከካዝናው እያነሣች ደጋግማ አወጣች። እያንዳንዷ ዘላ ጨርቁ ላይ ወደቀች።

የቀረን የሙሄ ነገር ነው። ከእንግዲህ ጥይቷ ወደ ካዝናው ተመልሳ ከታች ነው የምትነሣው ብዬ ነገርሁት። ጣቶቹን አሳየኝ፤ በቁርጥማት አብጠዋል፣ የካዝናውን ሞላ መጫን ያሠቃየዋል። ለሷ ነው ያለው ነገር ግማሹ ለራሱም ነበር፣ አላፈረም፣ እኔም አላሾፍሁበትም። ከወይራ ቁራጭ ሞላውን የምትጫን ትንሽ መግፊያ ቀረጽሁለት። ኪሱ ከተታትና «አሁንስ አረጀሁ በለኛ» አለኝ። በሚቀጥለው ጠዋት በሩ ላይ ጥይቷን ለትርንጎ እያሳየ ወደ ካዝናው መለሳት፤ ካዝናውን ሰክቶ፣ ላይኛውን ብረት ሙሉ ለሙሉ ስቦ ለቀቀው፤ በሁለት እጁም አቀበላት። ወጉ አልቀረም።

ሁለተኛው ፈተና ሲደርስ ሳጅን ደምሴ የራሱን ሽጉጥ ከወገቡ ፈታ። ስለ ወጉና ስለ ጥፍሯ ነግሬዋለሁ፤ ቢሆንም አላመነም። ለሷ አዝኖ ነው። «ፈታኞቹን አስፈቅጃለሁ፤ በዚህ ተኩሺ፣ ይኼ ነክሶ አያውቅም» አላት።

ትርንጎ ወደ እኔ ዞረች። ምን ልበላት? በእሱ ብትተኩስ ታልፋለች፣ ከዚያ ግን በራሷ ሽጉጥ መተኮስ ያቃታት ፈሪ መባሏ አብሯት ይኖራል። በራሷ ብትተኩስና የኔ ሥራ ቢከዳት ሁሉም ያበቃል። «አንቺ ታውቂያለሽ» አልኋት። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ ሳጅን፣ በራሴ ይሁን» ብላ ወደ መስመሩ ሄደች።

እኔ ዒላማውን አላየሁም። ድንጋዩን ነው የማየው። አንደኛዋ ቀለሃ በቀኝ ወጥታ ቋጥኙ ላይ ጠብ አለች። ሁለተኛዋ እዚያው። ሙሄ አጠገቤ ቆሞ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ነው የሚያደርገው። ደግማ ተኮሰች፣ ደግማ። ቀለሃዎቹ ሁሉ አንድ ጋቢ በሚሸፍነው ቦታ ላይ ወደቁ። ተኩሱ ሲያልቅ ዒላማውን ለማየት ሌሎቹ ሮጡ፤ ሙሄ እጄን ይዞ አልለቅ አለኝ። ማለፏን የነገረን ራሱ ሳጅን ደምሴ ነው። ሲመጣ «እጇስ ደህና ነው» አለ፤ ከዚያ ትርንጎ ፊት ቆሞ «ተሳስቼ ነበር» አላት። ይህን ለማለት ሰው ሁሉ ፊት መቆሙ ከዚያ በኋላ አስከበረው።

ትርንጎ ደሴ ሄደች። እኔ እዚሁ ስጠግን ቆየሁና የመሰናበቻዬ ወራት ደረሰ። እሷ መርማሪ ሆና ስትመለስ የሰጧት ክፍል ከኔ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል።

አንድ ቀን የመስኮቷ መቀርቀሪያ አልዘጋ ብሏት ጠራችኝ። ስገባ ከገጠር የመጣች አንዲት ወጣት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ያመጧት ዘመዶቿ ውጭ ናቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ አንድም ቃል ከአፏ አልወጣም ይላሉ። ትርንጎ ወንበሯን ከጠረጴዛው ኋላ አውጥታ ከልጅቱ ጎን ተቀምጣለች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ መቀርቀሪያውን ስነካካ፣ ከኋላዬ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።

«እትዬ፣» አለች ልጅቱ፣ «ከመጀመሪያው ልንገርሽ?»

«ከፈለግሽበት ጀምሪ፣ የኔ እናት» አለቻት ትርንጎ።

መቀርቀሪያው አላለቀልኝም ነበር። ካቻቢቴዬን ኪሴ ከተትሁና በእግሬ ጣት እየረገጥሁ ወጣሁ፤ በሩንም ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት እጄ ይዤ ዘጋሁላቸው።